ሁለተኛው ጎን

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ቱርኩ፣ ከወንዙ ዳር፣
የሟች ኮት የሚሸጥ ከሕፃን ጫማ ጋር።
ከሳጥኑ መሐል ጣቴ ሲንሸራተት
አንዲት ሸክላ ያዘኝ እንደ ድሮ ጠላት።
«አንድ ወንበር» ይላል፤ ኢርሜሊ ሳሎራንታ፤
ብቻዋን ያዜመች ለመጀመሪያ ለታ፣
ለመጨረሻም ለታ።

«ሃያ አምስት ዩሮ ነው» አለኝ ሻጩ ልጅ፣
አፍንጫው በብርድ የቀላ፣ የትኩስ ኩባያ ወዳጅ፤
«ይቺ ዛሬ ብርቅ ናት፤ ከኦሳካ ድረስ ጽፈው ይጠይቁኛል።
ያኔ ግን አንድ ጋዜጠኛ ገደላት ይባላል።»
ሳልከራከር ከፈልኩ፤
መልሴን ሳልቀበል ሄድኩ።

አርባ አንድ ቃል ነበር። አንዱም አልጠፋኝ።
«ጃንጥላዋን ጥላ ዝናብ ውስጥ ገባች» ያልኩባት ሲያስቀኝ፣ ሲያኮራኝ
ስንት ዓመት ኖርኩ በሱ!
«ሰማያዊ ጃንጥላ» ነበር የቡድኑ ስም፤ ሦስት ሴቶች ናቸው፤
ሠርግ ቤት፣ መርከብ ላይ፣ ያልደረሰበት አልነበረም ዜማቸው።
አለቃዬ ኦላቪ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤
ገጹ ማተሚያ ቤት ገባ፤ ነገሩ አለቀ።

ቤቴ ደረስኩ። መርፌውን በአልኮል ጠረግኩ።
ሽፋኑን ገና ዛሬ በወጉ ተመለከትኩ፦
ወደብ ላይ ቆማለች፣ ግራጫ ኮት ለብሳ፣
ነፋሱን በጥርሷ እንደ ክር ነክሳ።
ግራ ትከሻዋ ላይ ግን፣ ከኮቷ ስፌት በላይ፣
የሰው ጣት ጫፍ ቀርቷል፤ አንድ ጥፍር፣ ቀለሙ የሚታይ።
የሲኒካ ይሁን የራይያ፣ ማንም አይለየው፤
ሦስት ሆነው የተነሡት ፎቶ ሲቆረጥ መቀሱ የሳተው፣
ያልለቀቃት እጅ ነው፤
ወይም እሷ ያላወረደችው።

ጎን አንድ። የማውቀው ነው። ከበሮው እንደ ቆርቆሮ፤
ሦስተኛው ዜማ ዛሬም ይጎረብጣል ለጆሮ፤
እዚያ ላይ አልተሳሳትኩም፤ አልዋሽም ለማንም፤
አርባ ዓመት ቢቀመጥም ወይን ጠጅ አልሆነም።

ከዚያ መርፌው ተነሣ። እጄ አየር ላይ ቀረ፤ ቀኑም መሸ፤
የዚያን ማታው ነገር እንደ ድሮ ሕመም አገረሸ።
ፎሪ፣ ያቺ ብርቱካንማ ጀልባ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ወንዙን የምታቋርጠው
ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነበር፤ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ ሁሉም ሲተኛ ሰው፣
ጎን አንድ አለቀ። ኮቴን አነሣሁ።
ሁለተኛውን አልገለበጥኩም።
ጀልባዋ ላይ ጻፍኩ። ወረድኩ። ተኛሁ።

ሸክላ ሁለት ጎን አለው፤ እሷ ግን በዚያ ሰሞን
አንድም ሰው አልነበራት የሚቆም ከጎን።

ዛሬ ገለበጥኩት።
መጀመሪያ ትንፋሽ። ከዚያ የወንበር ሲጥታ።
አንድ ሰው «እንጀምር?» ሲላት፣ «ቆይ» ስትል በፈገግታ።
ከበሮ የለም። ፒያኖ ብቻ፣ ፔዳሉ የሚያቃስት፤
ድምፅዋም በስስ በረዶ ላይ እንደሚራመድ ሰው፣
ከመርገጡ አስቀድሞ እየጠየቀ ነው።
አራተኛው ላይ ቃሉ ጠፋባት፤ ቆርጠው አልጣሉትም፤
እያንጎራጎረች አለፈችው።
አርባ አንድ ቃል የነበረኝ ሰው፣ ለዚያ አንድም አላገኘሁለትም።

ከዚያ ወዲያ አልዘፈነችም። መነጽር ቤት ከፈተች፣ ከገበያው አዳራሽ ጀርባ።
የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ዓይኔ ደክሞ፣ ሳላውቅ እዚያ ስገባ፣
ስሜን ካርዱ ላይ ስትጽፍ እስክሪብቶዋ ቆመ ለአፍታ፤
ቀና አላለችም። ጨርሳ ጻፈችው፣ እስከ መጨረሻው ፊደል፣ በዝግታ።
ከዚያ በጨለማው ክፍል፣ ብረቱን አፍንጫዬ ላይ ጭና፣
መስታወቱን እየቀያየረች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንደገና፦
«የቱ ይሻላል? አንደኛው ወይስ ሁለተኛው?»
«አንደኛው» አልኳት።
ቀየረች። «አሁንስ?»
«አንደኛው።»

ያቺን የጣት ጫፍ ያየሁት በዚያው መነጽር ነው።
መርፌው የመጨረሻው ክብ ላይ ያንኳኳል። ቱክ። ቱክ።
አላነሣሁትም።